ከኋላው እንጨት አለ?

ሰፈሩ ሁሉ «ቱምቢ» ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው። ልጅ እግር ሆኜ ያቆምኩትን የመጀመሪያ ግድግዳ ቱምቢ ጥለው ሲለኩት፣ ገመዱ ከላይ እስከ ታች ከእንጨቱ እኩል ወረደ። «ይሄ ልጅ ራሱ ቱምቢ ነው» አሉ፤ በዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ደረቴን ነፍቼ ኖርኩ። አሁን መንገድ ላይ ሰው «ቱምቢ» ብሎ ሲጠራኝ ጆሮዬ ይግላል። ምክንያቱን ልናገር ነው። ደስ ብሎኝ አይደለም።

ሥራዬ የእንጨት ቤት ማቆም ነው። ወለሉ ላይ አንድ እንጨት አጋድማለሁ፤ በላዩ ቋሚዎቹን በየአርባ ሳንቲሙ እተክላለሁ፤ ራስ ራሳቸውን በሌላ እንጨት አስራለሁ፤ ከዚያ በሁለት በኩል የጂብሰም ሰሌዳ ይለብሳል። የማያውቅ ሰው ጂብሰሙን ግድግዳ ይለዋል። ጂብሰም ልብስ ነው። ፎቶ ቢሰቅሉበት ይችላል፤ ሰው ከተንጠለጠለበት ግን ተቦድሶ ይመጣል። ስለዚህ ከባድ ነገር የሚታሰርበት ቦታ ካለ፣ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በሁለቱ ቋሚ መሃል አንድ አግዳሚ እንጨት ይመታል። አንድ ቁራጭ እንጨት፣ አራት ምስማር። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

አባባ በሥራ ላይ ሳሉ ለዚህ ነገር የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ጂብሰሙ ከመምጣቱ በፊት ሠራተኛውን ሁሉ ከቤቱ ያስወጡና «አሁን ባለቤት ሆኜ ልግባ» ይላሉ። አልጋ የሚገባበት ቦታ ላይ መሬት ላይ ይጋደማሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መብራት እንደሚያጠፋ ሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ኩሽና ገብተው የሌለ ሰሃን ከሌለ መደርደሪያ ያወርዳሉ። መታጠቢያ ቤት ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡና ወገቡን እንደሚያመው ሽማግሌ እያቃሰቱ ይነሳሉ። እጃቸው ያረፈበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና አግዳሚ ይመታበታል። ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሲያቃስቱ በመስኮት እያየን በሳቅ እንፈነዳ ነበር። ይሰሙናል፤ ግን ግድ አልነበራቸውም።

እኔም የራሴን ሰዎች ይዤ መሥራት ስጀምር እንደዚያው አደርግ ነበር። ከዚያ እየቆየ ተውኩት። «በጭንቅላቴ ነው የምይዘው» አልኩ።

ታናሽ እህቴ አባባን ወደ ቤቷ ስታመጣ ምድር ቤቱ ጎን አንድ መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያው ሥራልን አለችኝ። ደስ አለኝ። ለሰው ስሠራ ኖሬ ለአባቴ ልሠራ ነው። እሷ በበኩሏ ስለ መስኮቱም ስለ ቀለሙም አንዲት ቃል አልተናገረችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ የሚይዙት ብረት ይገባል። ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው። ግድግዳው ውስጥ እንጨቱን እንዳትረሳ።»

«አንቺ ደግሞ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አልኳትና ተሳሳቅን።

ጂብሰም የሚለብስ ቀን ነገሩ ሁሉ ተጣደፈ። ጂብሰም አልባሾቹ ከቀጠርኳቸው ሰዓት ቀድመው መጡ። የመጡት ሰዎች አዲስ ናቸው፤ አያውቁኝም። ከእነሱ ጋር ስለ ሰሌዳው እርጥበት ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ገባሁ። ባልዲው ጥግ ላይ ነበር። ገልብጬ ልቀመጥበት እጄን ሰደድኩ፤ ሁለቱ አልባሾች በር ላይ ቆመው እያዩኝ ነው። እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። እነዚህ የማያውቁኝ ሰዎች ፊት ባልዲ ላይ ተቀምጬ ማቃሰት አሳፈረኝ። ባልዲውን አንስቼ ወደ ውጭ ወረወርኩትና «ዝጉት» አልኳቸው። የዚያን ቀን ያፈርኩት በማያሳፍረው ነገር ነው። የሚያሳፍረው በኋላ መጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቧንቧ ሠሪው ደወለልኝ። የሰፈራችን ቧንቧ ሠሪ ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ውሃውን እሱ ነው የዘረጋው፤ ብረቱንም የሚያስረው እሱ ነው። እኔ ሌላ ቤት ላይ መሰላል ላይ ነበርኩ፤ እጄ ስለተያዘ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ሠራተኞቼ ሁሉ ይሰማሉ።

«ቱምቢ፣ ሴራሚኩን ከመብሳቴ በፊት ልጠይቅህ ብዬ ነው። ከኋላው እንጨት አለ?»

ያንን እንጨት ስመታው በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ሞከርኩ፤ አልታየኝም። የቋሚዎቹ፣ የበሩ፣ የመስኮቱ ሁሉ ይታየኛል፤ የዚያች ቁራጭ ግን የለም። ቀና ስል ሠራተኞቼ እያዩኝ ነው።

«የማንን ግድግዳ እንደምትበሳ ታውቃለህ?» አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ።

«አውቃለሁ። እንጨት አለ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አለ አልኩህ እኮ።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደወለ። «የትራፓኖው መሰርሰሪያ ቶሎ ገባ። እንጨት የነካ አይመስልም።»

«እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ነው። አስገባው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» ብሎ ዘጋው።

ያን ጊዜ ከመሰላሉ ወርጄ፣ መኪናዬን አስነስቼ፣ «ቆይ እስኪ ልየው» ብል ኖሮ ምን ይቀርብኝ ነበር? ምንም። ከሠራተኞቼ ፊት ለአንድ ቀን መሳቂያ እሆን ነበር፤ በቃ። እኔ ግን ምስማሬን መምታት ቀጠልኩ። ማታ ላይ ራሴን «ምናልባት መትቼዋለሁ» እያልኩ አሳመንኩት። ሰው ራሱን ለመዋሸት ሲፈልግ እንዴት ያለ ጎበዝ እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ብረቱ አንድ ወር ያዘ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ እያለቀሰች ደወለች። አባባ መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል፤ ብረቱ ተነቅሎ ከእጃቸው ጋር መጥቷል፤ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው። «ቤት ግባና ብርድ ልብስና ጋቢያቸውን ይዘህልኝ ና» አለችኝ።

ገባሁ። ብረቱ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለት ሴራሚክ ተሰንጥቋል። ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ ብሎን የሚይዙት የፕላስቲክ ፊሸሮች ከነብሎናቸው ወጥተው ብረቱ ላይ ተንጠልጥለዋል። በአንዱ ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን አስገባሁ። ጣቴ ምንም አልነካም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን መናገር ይከብደኛል። ብርድ ልብሱን ከማንሳቴ በፊት መኪናዬ ሄጄ ስቱኮ አመጣሁና ቀዳዳዎቹን ደፈንኳቸው። አባቴ መኪና ውስጥ እያቃሰቱ፣ እኔ ማንም አጮልቆ እንዳያይ ስቱኮ እለስናለሁ። በእርጥብ ጨርቅም ዙሪያውን ጠረግኩ። ሲያልቅ ብርድ ልብሱን ይዤ ሮጥኩ።

የዳሌያቸው አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይቆማሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይጠብቁ» አለን። አባባ ለእህቴ የነገሯት ቃል አጭር ነበር፤ «ተንሸራተትኩ፤ ብረቱን ስይዘው ተነቀለ።» እሷ ፊሸሮቹን አይታለች። «በፕላስቲክ ነው እንዴ ሽማግሌ የሚያስረው?» አለች። በሳምንቱ ቧንቧ ሠሪውን ሱቁ ደጃፍ አገኘችው። አብሬያት ነበርኩ። ሰው ቆሞ እያየ የአፏን ሁሉ አወረደችበት። እጅህ ይሰበር አለችው። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ሰማትና ቀና ብሎ አንድ ጊዜ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ይጠብቃል።

እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ነይ እንሂድ፣ ይብቃሽ» አልኳት። ክንዷን ይዤ ወሰድኳት። የሚያየኝ ሰው አስታራቂ ነው የሚለኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እሱን ይጠሩት የነበሩ ሰዎች ከሌላ ሰፈር ቧንቧ ሠሪ ማስመጣት ጀመሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «አባባ እንዴት ናቸው?» ይለኛል፤ ሌላ ነገር አይናገርም። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መንገዴን ቀየርኩ። ወደ እህቴ ቤት በኋላ በር እየዞርኩ መግባት ጀመርኩ።

አባባ ከሆስፒታል በተመለሱ በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የመታጠቢያው ግድግዳ በዚያ በኩል ሴራሚክ ነው፤ በዚህ በኩል ግን የአባባ መኝታ ቤት ጂብሰም ነው። በመኝታ ቤቱ በኩል መስኮት የምታህል ልክፈት፣ እንጨቱን ልምታ፣ ልዝጋ፣ ቀለም ልቀባ። ለእህቴ «ትንሽ ላጠንክረው» ብላት ደስ ይላታል። ነገሩ ተስተካክሎ ያልቃል፤ ማንም ምንም አያውቅም። የቧንቧ ሠሪው ስም? እሱ በጊዜ ይረሳል አልኩ።

ጠዋት እህቴ ገበያ ስትወጣ መጋዜን፣ የተቆረጠ እንጨት፣ አንድ ቁራጭ ጂብሰም ይዤ ገባሁ። አባባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አልጋቸውን ትንሽ ገፋ አድርጌ ጂብሰሙ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን ማስመር ጀመርኩ። የማሰምረውን ያያሉ።

«ቱምቢ፣ በሩን ዝጋው። የምነግርህ አለ።»

ዘጋሁት። የሚያውቁ መሰለኝ።

«አልተንሸራተትኩም» አሉ።

«ምን አሉ አባባ?»

«አልተንሸራተትኩም። ያ ግንበኛ መጥቶ ነበር።» ግንበኛው የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ነው፤ በድንጋይና በብሎኬት ሲሠራ ያረጀ፣ የእንጨት ቤት ባየ ቁጥር «ክብሪት ቀፎ» እያለ የሚያላግጥ ሰው። «አርባ ዓመት ሙሉ ሲያሾፍብኝ ታውቃለህ። የዚያን ቀንም ቁጭ ብሎ ግድግዳውን በከዘራው ቆጥቆጥ ያደርግና፣ ሰው ቢያስነጥስ ይወድቅብሃል ይለኛል። ተናደድኩ። ና የልጄን ግድግዳ ላሳይህ ብዬ መታጠቢያ ቤት አስገባሁት።»

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። አላነሳሁትም።

«ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን ከመሬት አነሳሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ። እንደ ጦጣ። ልጄ የሠራው ነው፣ አንተንም ጨምሮ ይሸከማል አልኩት።» ብርድ ልብሱን በጣቶቻቸው ይቆነጥጣሉ። «ከዚያማ አየኸው። ለማንም እንዳትናገር ብዬ ግንበኛውን አስማልኩት። ለልጅቷም ዋሸኋት። ምን ልበላት? በጉራ ተንጠልጥዬ ወደቅሁ ልበላት?»

«አባባ...»

«አስጨርሰኝ። ያ ሰውዬ ምን አጠፋ? ብረት የተሠራው ለመደገፍ ነው፤ አንድ ሙሉ ሽማግሌ ሊንጠለጠልበት አይደለም። በእኔ ጉራ ስሙ ጠፋ። ሄደህ ንገርልኝ። እኔ አፍሬ ነው። ለልጅቷም አንተው ንገራት።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ግድግዳህ ግን ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ተነቀለ እንጂ ግድግዳው ችሏል። ግንበኛውም አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ክብሪት ቀፎ ብሎ አያውቅም።»

ይኸውላችሁ፤ መውጫ ተከፈተልኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ብወጣ ሁሉም ነገር ያልቃል። ቧንቧ ሠሪው ስሙ ይመለሳል፣ ጥፋቱን ሽማግሌ አባቴ ወስደውታል፣ እኔ ቱምቢ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ሐሳቡ ጣፈጠኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ያ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ አለ። በእኔ መኩራታቸው ነው የጣላቸው፤ አሁንም ከወደቁበት ሆነው እየኮሩብኝ ነው።

መጋዙን አነሳሁና ጂብሰሙን ቆረጥኩ። ቁራጩ ሲወርድ አቧራው አልጋቸው ላይ በነነ። በቀዳዳው በኩል ግራና ቀኝ ቋሚዎቹ ይታያሉ፤ በመሃላቸው ከላይ እስከ ታች ባዶ።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። «አልጋውን አስጠጋልኝ» አሉ። አስጠጋሁ። እጃቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራውን ቋሚ ነኩ። ከዚያ እጃቸው በባዶው ላይ ሄደ፤ ከቀኙ ቋሚ እስኪደርስ ምንም አላገኘም። ከሴራሚኩ ኋላ እኔ የደፈንኩት ስቱኮ በቀዳዳዎቹ አልፎ እንደ ትንንሽ ነጭ ጥርስ ደርቆ ወጥቷል። እሱንም በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ስቱኮ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ ነው?»

«እርስዎ መኪና ውስጥ እያሉ።»

እጃቸውን አወጡ። አቧራውን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብለው ጠረጉ። «ሰውየው ጠይቆህ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ደውሏል።»

«ባልዲው ላይ ተቀምጠህ ነበር?»

«አልተቀመጥኩም።»

«ለምን?»

«ሰዎች ያዩኝ ነበር። አፈርኩ።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። በልጅነቴ ይጮሁ ነበር፤ ያንን ጩኸት ያን ቀን ብሰማው በወደድኩ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «ሂድና ጥራው» አሉ። «እስኪመጣ እንዳትዘጋው። እሱም ይየው፣ ልጅቷም ትየው።»

ከበሩ ስወጣ እህቴ ዘንቢሏን ይዛ ገባች። እዚያው ነገርኳት። ሄዳ ቀዳዳውን አየች፤ ተመለሰች። ዘንቢሉን ከእጇ አላወረደችም። «እጅህ ይሰበር ብዬዋለሁ እኮ» አለች። «አጠገቤ ቆመህ።» ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቧንቧ ሠሪው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያረጀ የውሃ መክፈቻ ይፈታ ነበር። ፊቱ ቆምኩ።

«እንጨት አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ቀና አላለም። «እጄ ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለእህቴ ለምን አልነገርካትም?»

«ደውዬልህ ነበር» አለ። «ሁለቴ። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ? እጄን ትቼ አፍህን አመንኩ። የእኔም ጥፋት እሱ ነው፤ እሱን ይዤ ነው ዝም ያልኩት።» መክፈቻውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። «አባባ እንዴት ናቸው?»

መጥቶ አየ። እህቴ ይቅርታ ስትለው እንባዋ መጣ፤ እሱ «ግዴለም፣ ግዴለም» እያለ ከእሷ በላይ ተጨነቀ። በማግስቱ እህቴ ራሷ ቤት ለቤት ዞራ ነገሩን ተናገረች፤ የማንን ስም እንደጠራች አልጠየቅኋትም።

እኔ እንጨቱን መታሁ። ከመምታቴ በፊት አባባ «ተቀመጥ» አሉኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ላይ እህቴ፣ ቧንቧ ሠሪውና ከዘራውን የተደገፈው ግንበኛ ቆመዋል። ወገቤን እንዳመመው ሰው ሆኜ እጄን ዘርግቼ ተነሳሁ። ማንም አልሳቀም። ግንበኛው እንኳን አልሳቀም። እጄ ያረፈበት ቦታ ላይ ቧንቧ ሠሪው በእርሳስ ምልክት አደረገ። እንጨቱን በዚያ ቁመት በስድስት ምስማር መታሁት፤ አባባ በአልጋው በኩል እጃቸውን አስገብተው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱትና «ዝጋው» አሉ።

ስቱኮው ሲደርቅ ቧንቧ ሠሪው ትራፓኖውን ይዞ መጣ። የተሰነጠቁትን ሴራሚኮች ቀየረ፤ ብረቱን ለካ፤ መሰርሰሪያውን አስገብቶ አጠበቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ያንን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው። በሕይወቴ አንድ ቃል ለመናገር እንደዚያ ቀን ቸኩዬ አላውቅም፤ «አለ» የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅታለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ እውነት ነበረች።

ዞር አለ። እኔን አልፎ በተከፈተው በር ወደ አልጋው አየ።

«አባባ» አለ፣ «ከኋላው እንጨት አለ?»

«አለ» አሉ አባባ። «በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ትራፓኖውን አስነሳ።